ክሮስቢን ይሽጡት ትላላችሁ?

ዛሬ ማታ ዋሽንግተን ቻይናታውን አሬናው በር ላይ ያወረድኩት ልጅ የፒትስበርጉን የሆኪ ኮከብ የክሮስቢን 87 ቁጥር ማሊያ ለብሶ ከፒትስበርግ ድረስ የመጣ ነው። መንገዱን ሙሉ ስልክ ላይ «ምን ይጠብቃሉ? አሁኑኑ ትሬድ ያድርጉት፣ ቢያንስ የሆነ ነገር ያምጣ» ሲል ነበር። ስሙን በጀርባው ተሸክሞ! ሹፌር ዝም ብሎ መንዳት እንዳለበት አውቃለሁ። ዝም አላልኩም። ቲፑም ቀረ።

እኔ የዋሽንግተኑ ቡድን የካፒታልስ ሰው እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። በ2016 እና በ2017 (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የፒትስበርጎቹ ፔንግዊንስ በተከታታይ ሲያሰናብቱን በክሮስቢ ላይ ያወረድኩትን እርግማን የንስሐ አባቴ እንኳ አልሰሙትም። በ2018 የእኛው ኩዝኔትሶቭ በጭማሪ ሰዓት አግብቶ ሲገላግለን ጎረቤት ፖሊስ ሊጠራብን ምንም አልቀረው። ስለዚህ ሰውዬው ከፒትስበርግ ቢባረር ጮቤ መርገጥ ነበረብኝ። እንጃ፣ አልሆንልህ አለኝ።

የልጁ ሒሳብ ስህተት የለበትም፣ እሱን ልመን። የሆኪ ዝውውር እንደ ፕሪሚየር ሊግ አይደለም፤ ማንም መቶ ሚሊዮን ይዞ አይመጣልህም። ተጫዋች በተጫዋች ወይም በድራፍት (በወጣቶች ምልመላ) ምርጫ ነው የሚለወጠው፣ የደመወዝ ጣሪያም አለ። ኮከብህን ገና ዋጋ እያለው ካልለወጥከው በኋላ በነጻ ይሄዳል። ክሮስቢ፣ ማልኪንና ሌታንግ ከ2006 ጀምሮ አብረው ተጫውተዋል፤ ሦስት ዋንጫ አነሱ፣ ከዚያ 2023፣ 2024፣ 2025 ፕሌይኦፍን በቴሌቪዥን ተመለከቱ። ቺካጎ በበኩሉ በየካቲት 2023 ኮከቡን ፓትሪክ ኬንን ወደ ኒውዮርክ ሸኘ፣ ታች ወረደ፣ የድራፍቱ ሎተሪ ወጣለትና ወጣቱን ቤዳርድን ወሰደ። ልጁ ይሄን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። ታዲያ ለምን ደሜ ፈላ?

ጋሼ ትዝ ብለውኝ ነው። አንዳንዶቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፣ ስም አልጠራም። ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ አብረን ስንሠራ እኚህ ሰውዬ የቁልፍ ሰሌዳውን ዞር ብለው አያዩትም ነበር፤ እጃቸው ራሱ ሄዶ ነው የሚያነሳው። የትኛው ጠበቃ ዓርብ ቀደም ብሎ እንደሚወጣ፣ የትኛዋ ሐኪም እስከ ማታ እንደምትቆይ ያውቃሉ። መኪኖቹን በመውጫ ሰዓታቸው ነው የሚደረድሩት፣ የማንም መኪና የማንንም አይዘጋም። አንድ ቀን ከቢሮ አንድ ጎረምሳ ማናጀር መጣና ወረቀት ሰጣቸው፦ ከሰኞ ጀምሮ ከወንዙ ማዶ ያለው ጋራዥ። በሳቸው ቦታ ከዚያኛው ጋራዥ አንድ ወጣት መጣ። ይኸው ትሬድ! ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል፣ ሁለት አውቶቡስ መቀያየር አለባቸው፣ «ይመችዎታል ወይ?» ያላቸው አንድ ሰው የለም። ማክሰኞ ማታ መኪኖቹ እርስ በርስ ተዘጋግተው ጠበቃው ሲጮህ፣ ሐኪሟ ስትጮህ፣ ማናጀሩ ላብ በላብ ሆኖ ለማን ደወለ? ለጋሼ! እሳቸውም «ግራጫዋን ሆንዳ መጀመሪያ አውጣት» አሉና ስልኩን ዘጉ። ግራጫዋ ወጣች፣ ሁሉም ተፈታ። እኔ ብሆን ስለ ሆንዳ አላወራም ነበር። የምለውንም እዚህ መጻፍ አይቻልም፣ እናቴ ታነበዋለች።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ክሮስቢ።

ጋሼ ያልነበራቸው እሱ ያለው ነገር ፊርማ ነው። ውሉ ላይ ያለ ፈቃዱ አይዘዋወርም ተብሎ ተጽፏል። ደግሞ በምን ከፈለው? ከ2008 ጀምሮ ውሉ በዓመት በአማካይ 8.7 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በ2024 ሲያድስም አንዲት ዶላር አላስጨመረም። የተወለደው በስምንተኛው ወር በሰባተኛው ቀን በ87 ስለሆነ ነው ይላሉ፤ ቁጥር ይወዳል እንግዲህ። ግን ገበያ ቢወጣ ከዚያ በላይ የሚሰጠው ሞልቷል፣ እሱ የተወው ገንዘብ አጠገቡ ለሚሰለፉት ሆኗል። ይሄን ያደረገ ሰው «ልሂድ ወይስ ልቆይ» የሚለውን ራሱ ቢወስን ምን ይበዛበታል?

ሂድ ተብሎ ሳይሆን ልሂድ ብሎ የሄደም አለ። ሬይ ቦርክ ቦስተን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ዋንጫ ሳይነካ ተጫውቶ፣ በመጋቢት 2000 ራሱ ጠይቆ ወደ ኮሎራዶ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ሲያሸንፉ አምበሉ ጆ ሳኪክ ዋንጫውን ተቀብሎ እሱ ከማንሳቱ በፊት ለቦርክ ሰጠው። ቦርክ ዋንጫውን ቦስተን ሲያመጣው የከተማው ሰው በሌላ ቡድን ድል አደባባይ ወጣ! እንዲህ ያለ ትሬድ ቢሆን እኔም እፈርማለሁ።

ግሬትስኪን አስታውሱ። ኤድመንተን በ1988 በ27 ዓመቱ ለሎስ አንጀለስ ሸጠው፣ አዎ፣ እነሱ በ1990 ያለ እሱ ዋንጫ በሉ። ትርፍ ነው። ግን 802ኛ ጎሉን አግብቶ የጎርዲ ሃውን ሪከርድ ሲሰብር የለበሰው የሎስ አንጀለስን ማሊያ ነው። የእኛው ኦቬችኪን ደግሞ በሚያዝያ 6 ቀን 2025 895ኛውን አስቆጥሮ የግሬትስኪን ሪከርድ ሲሰብር፣ በረዶው ላይ በደረቱ ሲንሸራተት፣ የለበሰው እንደ በፊቶቹ 894 ሁሉ የዋሽንግተንን ነበር። በ2018 ዋንጫውን ሳይበላ በፊት «ይሄ ሰው አይረባም፣ ይሽጡት» ስትሉ የነበራችሁ ሰዎች እዚሁ ገጽ ላይ አላችሁ፣ ኮሜንታችሁን አላጠፋሁትም።

ስለዚህ የፒትስበርግ ሰዎች ሆይ፣ አንዴ በክብር ጠይቁት። አልሄድም ካለ አፋችሁን ዝጉና አጠገቡ የሚሮጥ ወጣት አምጡለት። ልሂድ ካለ ሻንጣውን ይዛችሁ ሸኙት። ወደ ዋሽንግተን ብቻ እንዳትልኩብኝ፤ እሱን በቀይ ማሊያ የማይበት ዓይን የለኝም።