የልጅ ልብስ ትርፍ ይፈልጋል

የልጅ ልብስ የሚቆረጠው ከዓመት በኋላ ለሚኖረው ልጅ ነው። ጨርቁ ዛሬ ለቆመው ቁመት ብቻ ከተለካ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ያጥራል። ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ መንጌ ውስጥ፣ የአንዲት ተማሪ የደንብ ልብስ ቀሚስ ይረዘም ተብሎ ቅምቅማቱ ተተረተረ። ከውስጥ የተገኘው እጥፋት የጣት ስፋት እንኳ አይሞላም። የሚረዝም ነገር የለም።

በመንጌ ቤቶች ለልጅ ስፌት የሚውለው ጨርቅ በአብዛኛው አዲስ አይደለም። ያረጀ ቶብ፣ የአባት ጀለቢያ፣ ከሰልባጅ የተገዛ አንሶላ፣ ጫፉ የተበላ ነጠላ ይሆናል። ቶብ ከ4 ሜትር በላይ የሚረዝም ስስ ጨርቅ ስለሆነ፣ ሲያረጅ የሚሳሳው ትከሻና ራስ ላይ የሚውለው ክፍሉ ነው፤ የቀረው ለሕፃን መጠቅለያ፣ ለሴት ልጅ ሻሽ፣ ለትራስ ልብስ ይበቃል። ጀለቢያ መቀመጫውና ጉልበቱ ቢሳሳም ደረቱና እጅጌው ደህና ሆኖ ይገኛል። ከአንድ የትልቅ ሰው ጀለቢያ የአምስት ዓመት ልጅ ሸሚዝና ቁምጣ ይወጣል፣ ከቁራጩም ኪስ። ደጋግሞ የታጠበ ጥጥ ለሕፃን ገላ ከአዲሱ ይሻላል፤ ለስልሷል፣ ከዚህ በኋላም አያጥርም። አዲስ አቡጀዲ ከተገዛ ግን ሳይቆረጥ በፊት ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ማደር አለበት። ያልታጠበ የጥጥ ጨርቅ በሜትር እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሊያጥር ይችላል፤ ይህ በአራስ ልጅ ልብስ ላይ ትልቅ ልዩነት ነው።

አሮጌ ጨርቅ መስፋት ያለበት ተፈትኖ ነው። ወደ ብርሃን ተይዞ ይታያል፤ ድርና ማጉ ተራርቆ ብርሃን የሚያሳልፈው ቦታ ይቆረጥና ይወጣል። ቀጥሎ በሁለት እጅ ይጎተታል። ድምፅ አሰምቶ ከተተረተረ ለመወልወያ ይሁን፤ ክርና ድካም አይባክንበት።

ለመቁረጥ የልብስ ሰፊ ስሌት አያስፈልግም። ልጁ አሁን የሚለብሰው፣ ልክ የሆነለት ልብስ ጋዜጣ ላይ ይዘረጋል፣ ዙሪያው በእርሳስ ይሰመራል። ከመስመሩ ውጭ በጎንና በትከሻ በኩል 2 ሴንቲ ሜትር፣ ከታች 6 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል። ስድስት የተባለው በምክንያት ነው። ከአራት ዓመት በላይ ያለ ጤነኛ ልጅ እስከ ጉርምስና ድረስ በዓመት በአማካይ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ እግር ነው። ስለዚህ የ6 ሴንቲ ሜትር ቅምቅማት ቀሚስን ወይም ሱሪን ሁለት ዓመት ያቆየዋል።

በእጅ ለመስፋት ሦስት አሠራሮች ይበቃሉ። አንደኛው ወስወስ ማድረግ ነው፤ ረጃጅም፣ ላላ ያለ ስፌት ጨርቁን በቦታው ይይዛል፣ በኋላም ይመዘዛል። ሁለተኛው መርፌው አንድ እርምጃ ወደፊት ወጥቶ ግማሹን ወደኋላ የሚመለስበት ነው። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ከመኪና ስፌት የማይተናነስ ጥንካሬ አለው፤ የብብትና የሱሪ መቀመጫ በዚህ ካልተሰፋ ልጅ አይችለውም፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ ይቀደዋል። ሦስተኛው ጫፉ እንዳይተረተር መዘምዘም ነው። ክሩ ከአንድ ክንድ ከረዘመ ይቋጠራል። ለልጅ ልብስ ድርብ ክር ይመረጣል፤ መቋጫውም በውስጥ በኩል መርፌውን ሁለት ሦስት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ መላልሶ በማሳለፍ ይሠራል። ትልቅ ቋጠሮ የሕፃን ቆዳ ይልጣል።

ከሁሉ በፊት የሚሰፋው የአራስ ዕቃ ነው። ለመንጌ እናት ዋናው ማዘያው ነው፤ እርሻ ስትወርድም፣ ጅረት ወርዳ ወርቅ ስታጥብም ልጁ ከጀርባዋ አይወርድም። በሰሜን የሚታወቀው አንቀልባ ቆዳ ነው፣ ዛጎልም ይለጠፍበታል፤ በጨርቅ የሚሠራው ግን ለቆላ ሙቀት ይስማማል። ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድርብ ጨርቅ ለገላው፣ በትከሻና በወገብ በኩል የሚያልፉ አራት ረጃጅም ማሰሪያዎች ለማዕዘኖቹ ይበቃሉ። ማሰሪያው ገላውን የሚነካበት ቦታ ላይ አራት ማዕዘን ይሰፋል፣ መሃሉም በመስቀለኛ ይታለፋል። ክብደቱ በሙሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ልጁ ሲታዘል ጨርቁ ከጉልበት እስከ ጉልበት ጭኑን መደገፍ አለበት፣ ጉልበቱም ከመቀመጫው ከፍ ይበል። እግሩ ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ ለዳሌው መገጣጠሚያ ደግ አይደለም። አፍና አፍንጫው ምንጊዜም ሊታይና አየር ሊያገኝ ይገባል።

ቀጥሎ የሴት ልጅ ቀሚስ። ወገቡ በላስቲክ ቢሆን ከዚፕና ከቁልፍ ይሻላል፤ ልጅቱ ራሷ ታጠልቀዋለች። የጨርቁ ላይኛ ጫፍ ሁለቴ ታጥፎ ላስቲኩ የሚገባበት ይሰፋል፤ የሁለት ጣት ያህል ቦታ ሳይሰፋ ይተዋል። ላስቲኩ ከወገቧ 4 ሴንቲ ሜትር አጥሮ ይቆረጥና በመርፌ ቁልፍ እየተነዳ ይገባል። የተተወው ቀዳዳ በወስወስ ብቻ ይዘጋ፤ ላስቲክ ከጨርቅ ቀድሞ ያረጃል፣ ያን ጊዜ አሮጌው ወጥቶ አዲስ ይገባል። ቅምቅማቱ ሲለቀቅ የድሮው እጥፋት መስመር በፀሐይ ካልደበዘዘው ጨርቅ ጋር ተለይቶ ይታያል። መስመሩ ላይ ከአሮጌ ነጠላ የተቆረጠ ጥለት ቢሰፋበት እንደ አዲስ ጌጥ ይሆናል። ልጆች ይህን ይወዳሉ፤ አንዳንዷ ልጅ ቀሚሷ ገና ሳያጥር ጥለት ይደረግልኝ ብላ ታስቸግራለች።

የደንብ ልብስ ላይ ግን ጥለት አይሰፋም። ለዚህ ነው ትርፍ ሳይተው የተሰፋ የደንብ ልብስ የሚያናድደው። በብዛት የሚቆረጥ ልብስ ጨርቁ ተደራርቦ ነው የሚቆረጠው፤ ከእያንዳንዱ ቀሚስ 5 ሴንቲ ሜትር ከተቀነሰ በመቶ ቀሚስ 5 ሜትር ጨርቅ ለሰፊው ይተርፋል። ያ 5 ሜትር ከመቶ እናቶች ነው የተወሰደው። እያንዳንዷ በሁለተኛው ዓመት መቆየት የሚችለውን ቀሚስ ጥላ ሌላ ትገዛለች፣ ካልሆነላትም ልጅቷ አጭር ለብሳ፣ እየተሸማቀቀች፣ ወንበር ላይ ጉልበቷን በደብተር እየሸፈነች ትማራለች። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የደንብ ልብስ ከከተማው አስተዳደር ያገኛሉ። በብዙው የአገሪቱ ክፍል የሚገዛው ወላጅ ነው። የሚገዛ ወላጅ ደግሞ ከመክፈሉ በፊት ቀሚሱን ገልብጦ ቅምቅማቱን የመለካት መብት አለው፤ አራት ጣት ካልሞላ ይመልሰው። የሱሪው የኋላ ስፌትም በውስጥ በኩል ሰፋ ያለ ትርፍ ሊኖረው ይገባል። ይህ ቅንጦት አይደለም፣ የሙያው ሀሁ ነው።

ትርፍ የሌለውን ልብስ የሚገዛ ሰው የሚበዛው ቤት ውስጥ መርፌ የሚይዝ ሰው ስላነሰ ነው። ያነሰውም ግማሹ ልጅ ከመጀመሪያው ስለማይማር ነው፤ ወንዶቹ። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፦ ሸማ የሚሠራው ወንድ ነው፣ ገበያ ዳር ሲንጀር እየረገጠ ሱሪ የሚያሳጥረው ወንድ ነው። እቤት ሲገባ ግን ወንድ ልጅ መርፌ ከያዘ ይነቀፋል፣ ቁልፉ የወደቀበት ሸሚዝ ለእህቱ ይጣልላታል። እህቱ የራሷን የቤት ሥራ አቋርጣ የሱን ቁልፍ ትሰፋለች። ይህ በየቤቱ በየቀኑ የሚፈጸም በደል ነው፤ ልማድ ስለሆነ ብቻ በደልነቱ አይቀንስም። የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቁልፍ መስፋት ይለምዳል። ቀዳዳዎቹ መሃል የክብሪት እንጨት ተደርጎ ይሰፋል፣ እንጨቱ ሲወጣ ክሩ ላላ ይላል፣ በላላው ላይ ከቁልፉ ሥር ክር ይጠመጠማል፤ አለቀ።

የእጅ ሥራን መናቅ አዲስ ነገር አይደለም። አጼ ምኒልክ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሌላውን ባለ እጅ በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል። ዛሬ በአዋጅ የሚከለከል ስድብ ብዙም አይሰማም፤ የቀረው ዝምታው ነው። ተማሪ «ከአካባቢ ቁሳቁስ የተሠራ ነገር አምጣ» ይባላል፣ እንዴት እንደሚሠራ ግን አይማርም። ምሽቱን ታላቅ እህት ወይም እናት በኩራዝ ሠርታ ታድራለች፣ ነጥቡን ልጁ ያገኛል። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል በጀመረው ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ሆኗል። መርፌ፣ ክርና አሮጌ ጨርቅ ክፍል ውስጥ የሚገቡበት በር አለ ማለት ነው፤ ለወንዱም ለሴቷም።

ለደረሱ ሴት ልጆች ከቀሚስ ይልቅ አስቸኳይ የሆነ ስፌት አለ፣ የወር አበባ መጠበቂያ። ታጥቦ በድጋሚ የሚያገለግል መጠበቂያ መቀሌ ላይ በፋብሪካ ደረጃ ማምረት የጀመሩት ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ናቸው፤ በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ የሸለማቸውም በዚሁ ሥራ ነው። በቤት የሚሠራው ቀላል ነው። ለገላ የሚቀርበው ለስላሳ ጥጥ፣ መሃሉ ከአሮጌ ፎጣ የተቆረጠ ሦስት አራት ድርብ፣ ሥሩ ውኃ የማያሳልፍ ቀጭን ጨርቅ። ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከሁለቱም ጎን የሚወጡ ክንፎች የውስጥ ሱሪውን አቅፈው ከሥር በቁልፍ ይያያዛሉ። ወሳኙ ማድረቁ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ይነከራል፣ በሳሙና ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በዕፍረት አልጋ ሥር የደረቀ ጨርቅ እርጥበት ይዞ ይቀራል፣ በሽታም ያመጣል። ልጅቷ ጨርቋን ፀሐይ ላይ ለማስጣት ማንንም ማፈር የለባትም፤ ቤተሰቡ ይህን ይቀበል።

የደብተር ቦርሳ ከማዳበሪያ ይሠራል። ማዳበሪያው ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ፀሐይ ካገኘው ይደርቅና ይፈረፈራል። ስለዚህ ከላይ ጨርቅ ይልበስ፣ ማዳበሪያው በውስጥ ይሁን። ጫፉ ስለሚተረተር ሁለት ጊዜ ይታጠፍ፤ ማንገቻው የአሮጌ ሱሪ መቀነቻ ቢሆን ትከሻ አይቆርጥም።

መጫወቻዎቹ ቀላል ናቸው። የጨርቅ ኳስ ለመሥራት ቁርጥራጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ካልሲ ጣት ውስጥ ይገፋል፣ አንገቱ ይጠመዘዛል፣ የቀረው ካልሲ ተገልብጦ ኳሱን ይለብሰዋል፤ ይህ እስኪያልቅ ይደገማል፣ በመጨረሻም ይሰፋል። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ከልጁ እግር በላይ እንዳይከብድ የመሃሉ ጨርቅ አስቀድሞ በፌስታል ይታሰር። አሻንጉሊት ሲሠራ በባዘቶ ከመሙላት በደቃቅ የተቆረጠ ጨርቅ ይሻላል፤ ጥጥ ሲታጠብ ይጓጉላል። ዓይኑ በክር ይጠለፍ እንጂ ቁልፍ አይሰፋበት። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋም ሆነ ከዚያ የሚያንስ ማንኛውንም ነገር ቢውጥ ጉሮሮው ሊዘጋ ይችላል።

ለሕፃን ማንኳኳቻ ትንሽ ቅል ይበቃል። በመንጌ አካባቢ የሚኖሩት በርታዎች ከቅል የሚነፋ መለከት ይሠራሉ፤ ለልጁ ግን ቅሉን መክፈት እንኳ አያስፈልግም። ከነፍሬው በጥላ ሲደርቅ ፍሬው ውስጡ ይላቀቅና ራሱ ያንኳኳል። የላይኛው ሽፋን በአሸዋ ይፈገፈጋል፤ ቀለም አይቀባ፣ አፍ ውስጥ ይገባልና።

የመንጌ ቀርከሃ ከኢትዮጵያ ሁለት አገር በቀል ዝርያዎች የቆላው ነው፤ ውስጡ ከሞላ ጎደል ድፍን ስለሆነ ለኪሮሽ ይመቻል። እርሳስ የሚያክል ስንጣሪ ተቆርጦ ጫፉ በምላጭ መንጠቆ ይወጣለታል፣ ከዚያም ልስልስ እስኪል በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ ሲደርቅ ይጨማደዳል። ነቀዝ እንዳይበላው ከመድረቁ በፊት ለሳምንታት ወራጅ ውኃ ውስጥ ይቆይ፤ ነቀዙን የሚጠራው ስታርች ታጥቦ ይወጣል። ከተተረተረ ሹራብ የተገኘ ክር መጀመሪያ በውኃ ነክሮ ክብደት አንጠልጥሎበት ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ጥቅልሉ ካልተፈታ የሕፃኑ ኮፍያ ተጨማዶ ይወጣል።