ቅጹ ከመሞላቱ በፊት

ልጃችሁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፋ፣ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የምትሞላበትን ቅጽ ይዛ ከፊታችሁ ብትቀመጥ ምን ትመክሯታላችሁ?

ይህ ጥያቄ እኔ ቤት የገባው አንድ ምሽት፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ነበር። ልጄ የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ በቴሌቪዥን ካየች ወዲህ ከኤሌክትሪክ ምህንድስና ሌላ አይታያትም። የደረደረቻቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ስመለከት ግን መመዘኛዋ ሁለት ብቻ መሆኑ ገባኝ፤ የስማቸው ትልቅነትና የከተማቸው ማማር።

«ለምን በዚህ ቅደም ተከተል አስቀመጥሽ?» አልኳት።

«ከዚህ የተመረቀ ሥራ አያጣማ፣ አባ» አለችኝ። ጥቂት ዝም ብላ፣ «አንተስ ምህንድስና ተምረህ ለምን ሱቅ ውስጥ ቀረህ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ለዚህ ጥያቄ «ሥራ ጠፍቶ ነው» የሚል መልስ ለዓመታት ነበረኝ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እኔም በእርሷ ዕድሜ ስሙ የገነነ ተቋም መረጥኩ፤ ገባሁም። የትምህርት ክፍል የሚሰጠው በውጤት ተወዳድሮ መሆኑን ያወቅሁት ከገባሁ በኋላ ነው። የፈለግሁት ክፍል ሞላ፤ ስሙን እንኳ ሰምቼው ወደማላውቀው ተመደብኩ። የት እንደምቀጠር ሳላውቅ ተመረቅኩ። ቅጹን ስሞላ አንድም ሰው አልጠየቅኩም ነበር። ይህን ለልጄ የነገርኳት በዚያ ምሽት ነው፤ መናገሩም ቀላል አልነበረም።

የዚያን ጊዜ ጓደኛዬ ግን ከመምረጡ በፊት የአካባቢውን የውሃ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ጠይቆ አርባ ምንጭን አስቀደመ። እርሱ የገባበት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ለውሃ ቴክኖሎጂ ተብሎ የተቋቋመ ነው። እኛ ሩቅ ነው ብለን ሳቅንበት። ዛሬ በሙያው የሚኖረው እርሱ ነው።

ታዲያ «የትኛው ሙያ ይፈለጋል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃልን? አይበቃም። የምህንድስና ትምህርት ዓመታት ይፈጃል፤ ገበያውም ቆሞ አይጠብቅም። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ከመቶ ተማሪ ሰባው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ሲወሰን የመሐንዲስ ተመራቂ በረከተ፤ ሥራ ፈላጊውም በዚያው ልክ በዛ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት ጨርቃ ጨርቅ የነገ እንጀራ መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ ንግዷ ስታስወጣ ግን ዘርፉ ተጎዳ። ስለዚህ የዛሬን ወሬ ብቻ ይዞ ከመምረጥ፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሊያሻግር የሚችል ሰፊ መሠረት ያለውን ትምህርት ማየት ይበጃል።

በማግስቱ ከልጄ ጋር ሆነን አምስት ጥያቄዎች ጻፍን። የምትፈልገው ክፍል በዚያ ዩኒቨርሲቲ አለ ወይ? ስንት ተማሪ ይቀበላል? ተማሪው ቤተ ሙከራ ገብቶ በእጁ ይሠራል ወይስ ቆሞ ያያል? ለተግባር ልምምድ የሚወጣው ወዴት ነው? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ግዴታ ሆኗልና፣ ከክፍሉ ተፈታኞች ስንቱ ያልፋል? ከዚያም መልሱን ፍለጋ በሰፈራችን ለእረፍት የመጡ ተማሪዎችን፣ ሥራ የያዙ ተመራቂዎችንም አነጋገርን።

ልጄ በመጨረሻ ከዝርዝሯ አራተኛ የነበረውን አንደኛ አደረገችው። ከተማው ሩቅ ነው፤ እናቷም ከፍቷታል። ምደባው ምን እንደሚሆን አላህ ያውቃል። ግን የመረጠችውን ለምን እንደመረጠች ታውቃለች፤ እኔ በእርሷ ዕድሜ ይህን አላውቅም ነበር።

ወላጆች ሆይ! የዩኒቨርሲቲው ስም እስከ መቀጠሪያው በር ያደርስ ይሆናል። ከበሩ ወዲያ ግን የሚጠየቀው ልጃችሁ መሥራት የሚችለው ነው። ቅጹ ሳይሞላ አብራችሁ ተቀመጡ፤ የተሳሳታችሁበት ነገር ካለም አትደብቁት።