ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ያዋጣል ወይ?

ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡላቸው የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው። የሚገባ ጥያቄ ነው። ለፋርጣም ሆነ ለላይ ጋይንት ገበሬ፣ ጉልበቱ የደረሰ ልጅን አምስት ዓመት ከእርሻው ለይቶ ማስተማር ትልቅ ውሳኔ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

መጀመሪያ ዕዳው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ የሚመስለው ሰው ዛሬም ብዙ ነው። በደንብ ቁጥር 91/1995 መሠረት ግን ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን ይጋራል። ልጆቹ «ኮስት ሼሪንግ» የሚሉት ይህንን ነው። ውሉን ይፈርማሉ፤ ተመርቀው ሥራ ሲይዙ ከወር ገቢያቸው ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል፤ ቢበዛ በ15 ዓመት ከፍለው መጨረስ አለባቸው። አብዛኞቹ ወረቀቱን ሳያነቡ ነው የሚፈርሙት፤ ወላጅማ ጭራሽ አያየውም።

ይህ ዕዳ ለረጅም ጊዜ የሚከብድ አልነበረም። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የተያዘው 15 ብር ስለነበር፣ ዓመቱን 300 ቀን ብናደርገው 4,500 ብር ብቻ ይመጣል። በኋላ 22 ብር ሆነ፤ አሁን ደግሞ 100 ብር ደርሷል። በ22 ብር ሦስት ጊዜ መመገብ እንዴት ያለ ፈተና እንደነበር የሚያውቅ ሁሉ በጭማሪው ደስ ይለዋል። ደንቡ እንደተጻፈው ከተሰላ ግን የምግቡ ብቻ በዓመት 30,000፣ በአምስት ዓመት 150,000 ብር ይሆናል። የዛሬ ጀማሪ ተማሪ ወላጅ ይህን ቁጥር ማወቅ አለበት።

ቀጥሎ ደመወዙ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በዲግሪ የሚቀጠር ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ 11,500 ብር ሆኗል። ከዚህ ላይ 2,100 ብር የሥራ ግብር ይነሳል። 7 በመቶ ጡረታ፣ ማለትም 805 ብር፣ ይነሳል። የወጪ መጋራቱ 1,150 ብር ሲቆረጥ እጁ የሚገባው 7,445 ብር ነው። በዚሁ ደመወዝ ቢቆይ የምግቡ ዕዳ ብቻ ወደ 11 ዓመት ይወስድበታል። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ከሚተርፈው ላይ ለታናናሾቹ ደብተር መግዣ ይልካል ብሎ የሚጠብቅ ቤተሰብም አለ።

ይህን ሁሉ ካሰላሁ በኋላም የወጪ መጋራቱ አያስፈራኝም። የሚቆረጠው ደመወዝ ሲኖር ነው። የሚያስፈራኝ የትም ያልተጻፈው ዕዳ ነው። ላፕቶፕ የሚገዛው ከባሕር ዛፍ፣ ከድንች ወይም ከበግ ሽያጭ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ከምርቃት እስከ መጀመሪያው ደመወዝ ያለው ጊዜ ነው። ያኔ ልጁ ዘመድ ቤት አርፎ «ዜሮ ዓመት ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ሲፈልግ ይውላል። ቤተሰቡ ለትራንስፖርት፣ ለኢንተርኔት፣ ለልብስ መላኩን አያቆምም። ያ ወጪ በ15 ዓመት አይከፋፈልም፤ ዛሬውኑ ከጎተራ ነው የሚወጣው።

ይህ ጥበቃ የረዘመው በልጆቹ ስንፍና አይደለም። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር ተወሰነ፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም ተበራከቱ። በ2004 ትምህርት የጀመረው የእኛው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ባሠሩበት በጋፋት ስም የተሰየመ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። በዚህ እኮራለሁ። ግን መሐንዲሱ በተመረተበት ፍጥነት የሚቀጥረው ድርጅት አልተከፈተም። በ2015 ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨመረ፤ እሱን ያላለፈ አይመረቅም።

የኮምፒውተር ዘርፍ ከሲቪልና ከመካኒካል የሚለይበት ነገር አለ። ጎበዝ ፕሮግራመር አሠሪውን ፍለጋ አገር መልቀቅ የለበትም፤ ሥራውን ከቤቱ ሆኖ ለውጭ ድርጅት መሸጥ ይችላል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር ካለፈ በኋላ፣ ይህ በር የበለጠ ሰፍቷል። ለእኛ አካባቢ ልጆች ግን በሩ እኩል አልተከፈተም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ኮድ ጽፎ መላክ ለሚኖርበት ልጅ ኢንተርኔት ማለት ለገበሬ ዝናብ ነው። የጠፉት ወራት በማንም የዕዳ ወረቀት ላይ አልተመዘገቡም፤ የከፈሏቸው ግን ልጆቹ ናቸው።

ታዲያ ያዋጣል ወይ? የመንግሥት ምደባ ደርሶት ዘርፉን ለሚወድ ልጅ፣ አዎ። ሦስተኛ ዓመት ሳይደርስ በራሱ እጅ አንድ የሚሠራ ነገር ለመገንባት የሚሞክር ከሆነ ደግሞ በደንብ ያዋጣል። በስሙ ብቻ ተማርኮ ለሚገባ፣ ወይም መሬት አስይዞ፣ አራጣ ተበድሮ ለግል ኮሌጅ ለሚከፍል ቤተሰብ ግን አያዋጣም፤ ባይገባበት ይሻላል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለትምህርት ሚኒስቴርና ለገቢዎች ሚኒስቴር አለኝ። በአሠራር እንደምናየው የወጪ መጋራቱን ያልከፈለ ምሩቅ ኦሪጅናል ዲግሪውንና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን አያገኝም። የውጭ ስኮላርሺፕ የሚጠይቀው ደግሞ እነዚህኑ ነው። ሥራ የሌለው ልጅ ሥራ ወይም ዕድል የሚያገኝበትን ወረቀት ለማውጣት መጀመሪያ ገንዘብ አምጣ ሲባል፣ የሚከፍለው ተመልሶ ያው አባቱ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 በጀመረችው ተመሳሳይ ሥርዓት የምሩቁ ገቢ ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ ምንም አይጠየቅም። እኛም ይህንን ማድረግ አያቅተንም። ዕዳው በልጁ ፋይዳ ቁጥር ተመዝግቦ ይቆይ፤ ደመወዝ ያገኘ ዕለት ይቆረጥ። ዲግሪውን ግን ስጡት።