«ኢት» ማነው?

እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ ነበር አሜሪካ የገባሁት። ለምን አልል? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተምሬዋለሁ፤ ከዘጠነኛ በኋላማ ፊዚክሱም ታሪኩም በእሱው ነበር። «ፕሬዘንት ፐርፌክት ቴንስ» ምንድነው ብላችሁ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እንኳ እመልስላችኋለሁ። ችግሩ አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሥራ ያገኘሁበት ሬስቶራንት ኩሽና ስለ ፕሬዘንት ፐርፌክት የሚጠይቅ ሰው አልነበረውም። እዚያ የሚጠየቀው «ሽንኩርቱ የታለ?» ነው።

ኩሽናው ውስጥ ከእኔና ከሥራ አስኪያጁ በቀር ሁሉም ስፓኒሽ ተናጋሪ ነበር፤ አብዛኛው ከኤል ሳልቫዶር። (ዋሽንግተንና ዙሪያዋ እኛንም እነሱንም በብዛት ነው የሰበሰበችው። የእኛ እንጀራ በሚሸጥበት ሰፈር የእነሱ ፑፑሳ ብዙም አይርቅም።) የምቀርባቸው ሰው 58 ዓመታቸው ነበር። ሁሉም «ማኤስትሮ» ይላቸዋል። ከአገራቸው ያስወጣቸው እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992 የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ነው። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም እንጂ በልቤ ሁሌም አንቱ ናቸው፤ እዚህም እንደዚያው ልጥራቸው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት። ምድር ቤት ያለው ትልቁ ማቀዝቀዣ በሩ ገርበብ ብሎ አድሮ ዶሮው በሙሉ ቀልጦ ተገኘ። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ። አዲስ ነኛ! ማኤስትሮ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገብተው ላይ ቤት ምድጃ ሲያያይዙ ነበር፤ እኔ 12 ሰዓት ደረስኩ። ምድር ቤት የወረድነው አብረን ነው፤ እኔ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ። በሩን ክፍት ሆኖ ሳገኘው በዓይናቸው አይተዋል። እናም ሊያድኑኝ ብለው እንዲህ አሉ፦

«ዋዝ ኦፕን ዌን ኬም።»

እሳቸው ማለት የፈለጉት «እሱ ሲመጣ ክፍት ነበር» ነው። ሥራ አስኪያጁ የሰማው ግን «እኔ ስመጣ ክፍት ነበር» የሚለውን ነው። «11 ሰዓት ገብተህ፣ ክፍት መሆኑን እያየህ ዝም አልክ?» ብሎ ጮኸባቸው። ሦስት ቀን ያለ ደመወዝ ቤታቸው እንዲቀመጡ ተደረገ።

እኔስ? እኔማ ገብቶኛል። «ሂ ሚንስ ሚ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሦስት ቃል! የአሥራ ሁለት ዓመት ግራመር ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። አፍሬ ነው እንዳልል፣ ፈርቼም ነበር። ሥራው ያስፈልገኝ ነበር።

ለምን እንደገባኝ ቆይቶ ነው የተገለጠልኝ። በስፓኒሽ «ዬጌ» ካልክ ደረስኩ ነው፣ «ዬጎ» ካልክ ደረሰ። ባለቤቱ ግሱ ጭራ ላይ ተቀምጧል፤ «እኔ»ና «እሱ» ማለት አያስፈልግም። የእኛስ? «ስመጣ» እና «ሲመጣ»። በአንዲት ፊደል፣ በ«ስ» እና በ«ሲ»፣ ሰው ይለያል። የእንግሊዝኛው «ኬም» ግን እኔም መጣሁ፣ አንቺም መጣሽ፣ እነሱም መጡ ያው «ኬም» ነው። ጭራ የለውም። ስለዚህ «አይ» ወይም «ሂ» ከፊቱ ካልተቀመጠ ማን እንደመጣ የሚያውቅ የለም። የዚያን ቀን የማኤስትሮ የሦስት ቀን ደመወዝ ያለችው እዚያች ያልተባለች «ሂ» ውስጥ ነበር።

ሲመለሱ በዕረፍት ሰዓታችን ከኩሽናው ጀርባ የወተት ሳጥን ገልብጠን መማማር ጀመርን። አስተማሪው እኔ ነኝ፣ ለወጉ።

የመጀመሪያው ጦርነት «ኢት» ላይ ሆነ። «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» በሉ ስላቸው «ኢዝ ሬይኒንግ» ይሉኛል። በእሳቸው ቋንቋ «ዩዌቤ» ብለው ይጨርሱታላ! እኛስ «ዘነበ» ብለን አይደል የምንገላገለው? «ኢት ማነው?» አሉኝ። «እግዚአብሔር ነው?» ማንም አይደለም፤ ቦታ ያዥ ነው። (ለእናንተ በእኛው ላስረዳ፤ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጋቢናው ካልተያዘ የማይነሳ ሚኒባስ ነው። ሰው ከጠፋ «ኢት»ን ያስቀምጡበታል።)

ከዚያ «አይ ሃቭ ፊፍቲ ኤይት ይርስ» መጣ። ስፓኒሽ ዕድሜን «አለኝ» ነው የሚለው። እኛ ደግሞ «58 ዓመቴ ነው» እንላለን። እንግሊዞቹ ሰውየውን ራሱን 58 ያደርጉታል። «ራበኝ»ም እንደዚያው ነው፤ እሳቸው ረሃብ «አላቸው»፣ እኔን ረሃቡ ራሱ ይዞኛል፣ ፈረንጁ ራሱ ረሃብተኛ «ነው»።

«ዱ» የምትባለው ብዙ አስለፋችን። ስፓኒሽ ተናጋሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዩ ካም ቱሞሮው?» ካለ ጠይቋል፤ «ነገ ትመጣለህ?» እንደማለት። ለጥያቄ ሲባል ብቻ አንድ ትርጉም የሌለው ግስ ከፊት መደንቀሩ ለማኤስትሮ አልዋጥ አለ። እኔም በሆዴ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። የ«ሂ ካምስ» «ስ» ደግሞ ሙሉ ወር ፈጀ። «ያለችው ጭራ ይቺው ብቻ ከሆነች ለምን አይተዋትም?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ፤ አሁንም የለኝም።

የሚገርመው ስህተታቸውን ባረምኩ ቁጥር የራሴን ማየቴ ነው። እሳቸው «ኤስኩል» ሲሉ እስቃለሁ፤ እኔ ራሴ «እስኩል» ነው የምለው። እነሱ «ኤስታዲዮ»፣ እኛ «እስታዲየም»። ሌላ ተነባቢ በሚከተለው «ስ» መነሳት ለሁለታችንም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንደመዝለል ስለሆነ መጀመሪያ አንዲት አናባቢ እንረግጣለን።

ከሁሉም የባሰው «አይ ዶንት ሃቭ ናቲንግ» ነበር። በስፓኒሽም በአማርኛም «ምንም የለኝም» ስንል ምንሙም የለኝሙም ተጋግዘው ነው ባዶነቱን የሚያጸኑት። ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት እንግሊዝኛ ግን አንድ አፍራሽ ይበቃዋል። ሁለተኛው ሲመጣ «ናቲንግ» ወደ «ኤኒቲንግ» መቀየር አለበት። ማኤስትሮ ይህንን ደብተራቸው ላይ በቀይ ጻፉት፤ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

ያን ጠዋት ያላነሳሁት ነገር ግን በመሀላችን ነበር። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ጎን ለጎን ቆመን ሽንኩርት ስንከትፍ (ለዕንባም ሰበብ ይሆናል) አወጣሁት።

«ማኤስትሮ፣ ያን ቀን ምን ማለት እንደፈለጉ ገብቶኝ ነበር። አይ ዲድንት ሴይ ኤኒቲንግ።»

ቢላዋቸውን አቆሙ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ቆይተው ነው የተናገሩት።

«ኤኒቲንግ» አሉ። «ናቲንግ አላልክም። ቬሪ ጉድ።»

ከዚያ ሽንኩርታቸውን ቀጠሉ።