ብር ሲሰጡኝ ሁለቴ ነው የማየው



እኔ ብር ሲሰጡኝ ሁለቴ ነው የማየው። አንዴ ለሂሳቡ፣ አንዴ ለቁጥሩ። የታክሲ ረዳቶች «ቲቸር፣ ፎርጅድ መሰለህ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። ፎርጅድ ፍለጋ አይደለም፤ ኖቱ ላይ የታተመውን ተከታታይ ቁጥር ነው የማነበው። የብር ሰብሳቢዎች ከኪስ ውስጥ የሚለቅሙት እሱን ነውና።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ (አትሽሹ!)። ሰባት አሃዝ ያለው ቁጥር ከ0000000 እስከ 9999999 ወደ 10 ሚሊዮን ይደርሳል። እንደ 2741472 ከግራም ከቀኝም ሲነበብ ያው የሆነው ስንት ነው? የመጀመሪያዎቹ አራት አሃዞች ከታወቁ የቀሩት ሦስቱ በራሳቸው ይወሰናሉ። ስለዚህ 10,000 ነው፤ በአማካይ ከ1,000 ኖት አንድ ማለት ነው። ባለሱቅ የሆናችሁ ልጆቼ ሳታዩት ስንቴ አልፏችኋል! እንደ 7777777 ሰባቱም አንድ ዓይነት የሆነው ግን ከ10 ሚሊዮኑ ውስጥ አሥር ብቻ ነው። ዘመድ ዶላር ካመጣላችሁ ደግሞ የቁጥሩን መጨረሻ እዩ። ኮከብ ካለበት፣ በህትመት ጊዜ በተበላሸ ኖት ምትክ የገባ ነው። እሱም ፈላጊ አለው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በአንዲት ተማሪዬ ምክንያት ነው። በቀደም ከክፍል ስወጣ ጠብቃኝ፣ «ቲቸር፣ አያቴ ጋ የድሮ አንድ ብር አለ፤ ቴሌግራም ላይ አንድ ሰውዬ በ400,000 ብር እገዛለሁ አለን» አለችኝ። የልጁ ምስል ያለበት፣ በጀርባው ጢስ ዓባይ ያለበት ኖት ነው። በአራት ታጥፎ ጠርዙ ተበልቷል። ሰውዬው «ለምርመራ» 3,000 ብር አስቀድማችሁ ላኩ ብሏል። እናቷ ከዕቁቧ ልትልክ ነበር።

ለእናቷ ደውዬ ያልኳቸውን ለእናንተም ልድገመው። የምር የሚገዛ ሰው ብር ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። ደግሞ ማርጀት ብቻውን ዋጋ አይሆንም። ያ አንድ ብር በየቤቱ፣ በየመጽሐፉ መሐል ሞልቷል። ዋጋ የሚያወጣው ጥቂት ሆኖ፣ ሳይታጠፍና ሳይቆሽሽ የቆየ ነው። ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈ ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው፤ የተሸጠበትን ዋጋ ጠይቁ። እናቷ ብሩን አልላኩም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን ኪሳችሁ ግቡ። በ2013 መስከረም ብር ሲቀየር የድሮዎቹ 10፣ 50 እና 100 ተሰበሰቡ፤ 5 ብር ግን በሳንቲም እስኪተካ ይቆይ ተባለ። ቡና ለቀማው፣ በጀርባው አጋዘኑ፣ መሠረቱ በ1969 ዓ.ም. ከወጣው የመጀመሪያው የደርግ ብር የመጣ ነው። በረዳት ጣት መሐል ተጣጥፎ የሚውለው ይኸው ኖት የዚያ ዘመን ትራፊ ነው። ንጹሕ ካገኛችሁ አትጠፉት። ደብተር ውስጥ አስገቡት፤ አትጠቡት፣ አትተኩሱት፣ ፕላስተር አትለጥፉበት። ሀብታም አያደርጋችሁም። ልጆቻችሁ ግን «አምስት ብር ወረቀት ነበር እንዴ?» ሲሏችሁ የምታሳዩት ይኖራችኋል።

ከግራም ከቀኝም አንድ የሆነ ቁጥር ያገኘ ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ። «እንገዛለን፣ ቅድሚያ ላኩ» የሚል ከመጣባችሁ ደግሞ ከመላካችሁ በፊት ለእኔም ቢሆን ደውሉ።