ከመቀነት የወጣች ሽልንግ

አያቴ መሐል ሜዳ ገበያ የበግ ፀጉር ባና ሸጣ ስትመለስ ሃምሳ ሳንቲሙን «ሽልንግ» እያለች ነበር የምትቆጥረው። ምክንያቱ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ጣሊያን ሲወጣ እንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ ይዘው ገቡ፤ የራሳችን ብር ሲወጣ አንዱ በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። ገንዘቡ ሄደ፣ ስሙ ገበያ ላይ ቀረ።

*

ሐምሌ 1936 ዓ.ም. 44 አገሮች አሜሪካ፣ ብሬተን ዉድስ ላይ ስለ ዓለም ገንዘብ ሲመክሩ ለኢትዮጵያ የተቀመጡት ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅንና አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ነበሩ። ብላወርስ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ገዥ ነበር፤ ኋላም የሳዑዲ ዓረቢያ የገንዘብ ድርጅት የመጀመሪያው ገዥ ሆነ። እንግሊዞች የገንዘባችንን ልጓም ለንደን ላይ ሊያስሩት ሲሹ መንግሥት እምቢ ብሎ ባንኩን በእጁ አቆየ። ገዥው የውጭ ሰው ቢሆንም፣ ገበሬ አራሽ ቢቀጥር ርስቱን አልሰጠም።

*

የደጋው ሰው ጠገራ ብር ሲቀበል በላዩ የተቀረጸውን የእቴጌ ማሪያ ቴሬዛን ጌጥ በጥፍሩ ዳስሶ፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ሰምቶ ነበር። ይህን ሰው ወረቀት እመን ማለት ከባድ ነበር። ስለዚህ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለው አዲስ ገንዘብ ሃምሳ ሳንቲሙ ከአሜሪካ በውሰት በመጣ ብር ማዕድን ተቀረጸ፤ ክብደቱ 7 ግራም፣ ከመቶ 80 እጁ ንጹሕ ብር። አራቱ ሲደመሩ የአንድ ጠገራ ያህል፣ 28 ግራም፣ ይመዝናሉ። ይህን ያሰበ ሰው ገበያ ያውቃል፤ ሕዝቡንም አክብሯል።

*

የመዳቡ ስሙኒ መጀመሪያ ድፍን ክብ ነበር። ብር ቀብተው «ሽልንግ ነው» የሚሉ አታላዮች ሲነሡ ጠርዙ ወጣ ገባ ተደረገ። ዓይናቸው የደከመ አዛውንትም በጣታቸው ለዩት።

*

መስከረም 1943 ዓ.ም. በብሬተን ዉድስ የተወለደው የዓለም ባንክ ለአፍሪካ የመጀመሪያውን ብድር ለእኛ ሰጠ፤ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ፣ 2 ሚሊዮን ለልማት ባንክ። በጣርማ በር መንገድ ባለፍሁ ቁጥር ይህ ብድር ትዝ ይለኛል። ለደጋ ሰው የብድር ትርጉሙ ባናው ሳይበሰብስ፣ በጉ ሳይከሳ ገበያ መድረሱ ነው።

*

አያቴ ከማረፏ በፊት ከመቀነቷ ፈትታ አንዲት ሽልንግ ሰጠችኝ። ፲፱፻፴፮ ይላል፤ የብሬተን ዉድስ ዓመት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል አውጥቼ በመዳፌ ያዝኋት። ስለ ገንዘባችን ባሕር ማዶ የሚፈርም ሁሉ አንድ ጊዜ ቢይዛት እወዳለሁ። ፊርማው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያው መቀነት ውስጥ ነው።