በዓሣ ዘይት መብራት ያነበቡ ገበሬዎች

አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች ደሴት ናት። ደሴት ማለት ዙሪያውን ውሃ የከበበው መሬት ነው። እንደ እኛው ኤርታሌ እሳት የሚተፉ ተራሮች አሏት። ከ10 እጅ 1 እጅ ያህሉ መሬቷ ዓመቱን ሙሉ በረዶ የለበሰ ነው። በታኅሣሥ ቀኑ አጭር፣ ሌሊቱ ረጅም ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1783 ላኪ በሚባለው ቦታ እሳት ፈነዳ። መርዙ ሣሩን በከለው። ብዙ በግና ከብት አለቀ። ከ5 ሰው 1 ያህሉ ሞተ።

ንባብ ግን አልቆመም። በዚያ ዘመን ቤተሰቡ ማታ ማታ ሱፍ ሲፈትል፣ አንዱ በዓሣ ዘይት መብራት ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት ከወላጆቻቸው ነበር። ትምህርት ቤት ሳይስፋፋ አብዛኛው ሕዝብ ማንበብ ቻለ።

ወገኖች፣ እኛም ማታ ጥጥ ሲፈተል፣ ቡና ሲፈላ፣ አንዳችን እናንብብ፤ ሌሎቻችን እናዳምጥ። የተማርነው ካልተደጋገመ ይጠፋል።